በበርሜል ያለ ባሕር

ሐርጌሳ፣ ጅግጅጋ ያር ሰፈር
ጥር ፲፱ ቀን ፳፻፲፯ ዓ.ም.

ለምወድሽ ልጄ ለይመኙሻል ክፍሌ
ሐዋሳ

እንደምን ሰንብተሻል ብሎ ለመጠየቅ የሚያበቃ አፍ እንደሌለኝ አውቃለሁ፤ ነገር ግን አባት ለልጁ ሲጽፍ ሌላ መነሻ ስለማያገኝ፣ በሚያፍረውም አፌ ቢሆን እጠይቅሻለሁ፤ እንደምን ሰንብተሻል? እንቅልፍሽስ? በጨርቅ ብናኝ የሚነሣብሽ ሳል ተወሽ ወይስ አብሮሽ ከረመ? እኔ ደረጃ ስወጣ ጉልበቴ ከሚያሰማኝ ወቀሳ በቀር ደኅና ነኝ። ጥምቀትን እንደ ወትሮው ከአገር ልጆች ጋር በቤት ውስጥ በጸሎት አሳለፍን፤ ውኃው ሲረጭ ከሁሉም ኋላ፣ ከበሩ ሥር ቆሜ እንደ ነበር ግን ማንም ያስተዋለ አልመሰለኝም።

ይህን በስልክ ያልነገርሁሽ ያለ ምክንያት አይደለም። ድምፅ ይለማመጣል፤ ሰው ከመፍረዱ በፊት እንዲያዝን ያደርገዋል፤ አንቺም በተፈጥሮሽ ሆድሽ ቶሎ የሚባባ ስለ ሆነ፣ ገና በሁለተኛው ቃል ላይ «ይተዉት አባዬ» ብለሽ ታቋርጪኝ ነበር። ወረቀት ግን አይቋረጥም። ስለዚህ በግንባታ ሥራ እዚህ ከርሞ በድንበሩ ከተማ በውጫሌ በኩል ወደ ቤተሰቡ ለሚመለሰው ለሐዋሳው ልጅ ለፈጠነ ይህን ደብዳቤ ከአንዲት ትንሽ ጥቅል ጋር አደራ ሰጥቼዋለሁ። ጥቅሉን አስቀድመሽ እንዳትከፍቺው እለምንሻለሁ።

የጠላቂዎች ዕቃ የምንሠራበት ወርክሾፕ እንደ ተውሽው ነው። ኮምፕረሰሩ አሁንም ጠዋት ጠዋት ሦስት ጊዜ ሳይስል አይነሣም። ፈርሐን ባለቤቱ ነኝ የሚለውን ያህል ተላላኪም ሆኖ ከአንዱ ጠረጴዛ ወደ ሌላው ሲሮጥ ይውላል፤ ድሬዳዋ ያደገ ነውና እስከ ዛሬ ድረስ አንቱ ማለት አልለመደም፤ አክብሮቱ «አደር»፣ አጎቴ፣ ማለት ብቻ ነው፤ እኔም መቆጣቱን ትቼዋለሁ። በኅዳር ለሬጉሌተሩ፣ ለጠላቂው አየር ለሚያቀብለው ዕቃ፣ አዲስ የጎማ ሽፋን ቆርጠን፣ አንቺ ቀይ ቀለም በጨመርሽበት የብርጭቆ ቱቦ ስንፈትነው፣ ጠላቂው አየር ሲስብ ውኃው ከሁለት ጣት በላይ አልወጣም፤ ይህም ማለት በጥልቀት ያለ ሰው ሳይታገል ይተነፍሳል ማለት ነው። ይህን ስጽፍ ፈርሐን በትከሻዬ ላይ አጮልቆ፣ «አደር ክፍሌ፣ ከሬጉሌተርህ ይልቅ የአንተ ዓረፍተ ነገር ነው ትንፋሽ የሚጨርሰው» አለኝ። እውነቱን ነው፤ ነገሩን የማስረዝመው ልደርስበት ስለምፈራ ነው።

እንግዲህ ልድረስበት።

አምና በየካቲት፣ በበርበራ የመርከብ ሆድ እየፋቁ የሚያድሩ ጠላቂዎች ወደ ታች የሚያሰምጠን የእርሳስ ቀበቶ ወገባችንን ላጠው ብለው በለመኑን ጊዜ፣ ከደረት ማሰሪያው ግራና ቀኝ የሚንጠለጠሉ ሁለት የሸራ ኪሶች፣ እያንዳንዳቸው አራት ኪሎ እርሳስ የሚይዙ፣ እያንዳንዳቸውም በአንድ የብረት ፒን ብቻ የሚያዙ አድርጌ መሥራቴን፣ ፒኑም ከአሮጌ የቴሌቪዥን አንቴና በቆረጥሁት የአልሙኒየም ቱቦ ውስጥ እንዲገባ፣ ጠላቂው እጀታውን ሲስብ ፒኑ ወጥቶ እርሳሱ ወደ ታች እንዲወድቅ፣ ሰውየውም ወደ ላይ እንዲነሣ ማሰቤን ታስታውሻለሽ። ሸራውን የሰፋሽው አንቺ ነሽ፤ በድርብ ስፌት፣ በናይሎን ክር፣ በየጥጉ ሦስት ጊዜ ተመላልሰሽ። ጠላቂዎቹ «የይመኙ ስፌት ከመርከቡ ይቆያል» ሲሉ ሰምቼ በልቤ የተኩራራሁትን ያህል በራሴ ሥራ ተኩራርቼ አላውቅም ነበር።

በቤታችን ሁለት ሕግ ነበረ፤ ሁለቱንም ያወጣሁት እኔው ነኝ። የመጀመሪያው፣ ማንኛውም የእርሳስ መልቀቂያ ሠላሳ ቀን በባሕር ውኃ ተዘፍዝፎ ካልተፈተነ ለማንም እንዳይሰጥ ነበር። ሁለተኛው፣ የሠራው ሰው ራሱ ቀድሞ ለብሶት ባሕር ሳይወርድ ሌላ ሰው እንዳይለብሰው ነበር። ጠላቂዎቹ በዚህ ሕግ ያከብሩኝ ነበር፤ «አደር ክፍሌ ያልለበሰውን አንለብስም» ይሉ ነበር፤ እኔም ምጽዋ በባሕር ኃይል ጠላቂዎች ዕቃ ግምጃ ቤት ያሳለፍሁትን ዘመን እያነሣሁ ክብራቸውን በደስታ እቀበል ነበር።

ልጄ፣ ከሦስት ዓመት ወዲህ ውኃ ፊቴን ሲሸፍነው ትንፋሼ ይጠፋል። ምክንያቱን አላውቅም፤ ምናልባት እርጅና ነው፣ ምናልባትም ከምጽዋ ያመጣሁት ነገር ዘግይቶ ደረሰብኝ። ለመጨረሻ ጊዜ በበርበራ የወረድሁ ዕለት፣ ከወገብ በላይ እንኳ በማይደርስ ውኃ ውስጥ ተንበርክኬ፣ ሬጉሌተሩ በአፌ ሆኖ አየሩን እየሰጠኝ ሳለ፣ እንደ ሕፃን ተንፈራግጬ ወጣሁ። ያየኝ አልነበረም። ለፈርሐን ጆሮዬን አመመኝ አልሁት፤ ለጠላቂዎቹ ነፋስ ነው አልሁ፤ ለአንቺም ጆሮዬን ነው አልሁሽ፤ አንቺም እስከ ሄድሽበት ቀን ድረስ የሞቀ ዘይት በጥጥ ስታቀርቢልኝ ኖርሽ፤ እኔም ባልታመመ ጆሮዬ ዘይቱን አስጨመርሁ።

ስለዚህ አዲሱን የእርሳስ ኪስ ወደ በርበራ አልወሰድሁትም። ብወስደው፣ በጠላቂዎቹ ፊት ለብሼው መውረድ ነበረብኝ። በዚያ ፈንታ ከግቢው ጀርባ በርካ በሚሉት የውኃ ማጠራቀሚያ፣ ለግንባታ በሚቀዳው የዝናብ ውኃ ውስጥ፣ እስከ ደረቴ ብቻ ገብቼ ሃያ ጊዜ ሳብሁት፤ ሃያውንም ጊዜ ያለ አንዳች እንቢታ ወጣ። በመዝገቡም ላይ፣ በዚያ ሰው ሁሉ በሚያመሰግነው ቁም ጽሕፈቴ፣ «ሠላሳ ቀን በባሕር ተዘፍዝፎ፣ በሠሪው ተለብሶ፣ ሃያ ጊዜ ተስቦ ተፈትኗል» ብዬ ጽፌ ስሜን አኖርሁበት።

አንቺ ከስፌት መኪናሽ ቀና ብለሽ፣
«አባዬ፣ ጨውስ?» አልሽኝ።
«የምን ጨው?»
«ባሕሩ ጨው ነው፤ በርካው ዝናብ ነው። መሄዱ ካልተመቸዎት በበርሜል ጨው በጥብጠን ብንዘፈዝፈውስ?»
«ባሕር በበርሜል አይሠራም» አልሁሽ።
ፈርሐንም ሳቀና፣ «ይመኙ፣ አባትሽ ባሕር ኃይል ነበር፤ አንቺ ደግሞ በርሜል ኃይል ሁኚ» አለ። ሦስታችንም ሳቅን፤ አንቺ ግን ቀድመሽ አቆምሽ።

የቀረውን ታውቂዋለሽ፤ እንደማታውቂው አድርጌ እስካሁን ኖርሁ እንጂ። ሚያዝያ ሃያ አራት ቀን ከጠላቂዎቹ አንዱ ሳማታር ከአንድ የከብት መጫኛ መርከብ ሥር ሆኖ አየሩ ሲያልቅበት እጀታውን ሳበ፤ አልወጣለትም፤ በሁለት እጁ ሳበ፤ አልወጣለትም። ጓደኛው ወርዶ ሸራውን በቢላዋ ቀድዶ እስኪያወጣው ድረስ ውኃ ውስጥ የቆየው ጊዜ ግራ ጎኑን ወሰደበት። ዕቃው በማዳበሪያ ተጠቅልሎ ወደ ወርክሾፑ ሲመለስ ብቻዬን ፈታሁት። ፒኑን በመዶሻ መትቼ ባስወጣሁት ጊዜ፣ ከቱቦው ውስጥ እንደ ዱቄት ያለ ነጭ ነገር ረገፈ። አልሙኒየምና ብረት በጨው ውኃ አብረው ሲቀመጡ አንዱ ሌላውን እየበላ እንደሚጣበቅ፣ ገና በሃያ ዓመቴ ምጽዋ ላይ የተማርሁት የመጀመሪያ ትምህርት ነው። ዱቄቱን በመሐረቤ ጠረግሁት። ቱቦውን አጠብሁት። የቀረው በቢላዋ የተቀደደው ሸራና ጫፉ የተንጠለጠለው ክርሽ ብቻ ነበር።

ሚያዝያ ሃያ ስምንት ቀን፣ በጋአን ሊባህ ሰፈር ከሳማታር ቤት ፊት ለፊት ካለው ግራር ሥር፣ የሳማታር ወገን ሽማግሌዎች በምንጣፍ ላይ ተቀምጠው፣ እናቱ አስሊ ከሴቶቹ ጋር ከወዲያ ማዶ ሆና፣ ታላቁ ሽማግሌ እንዲህ ሲሉ ጠየቁኝ፤ ቃላቸውን ፈርሐን አስተረጎመ፦
«ክፍሌ፣ ጸጉርህ ነጭ ነው፤ አናስምልህም። ከአንተ ዘንድ ገንዘብ ፈልገን አልመጣንም፤ የማን እጅ እንደ ሆነ ብቻ ንገረን።»

እኔም፣ አፌ ይቆረጥና፣ በመጀመሪያ ስለ ሬጉሌተሩ ብዙ ተናገርሁ። እስከ መጨረሻው ትንፋሽ ድረስ አየር እንደ ሰጠ፣ እንዳልከዳው፣ እንዴት እንደ ተፈተነ አብራራሁ። ቀጥዬም ሸራውን አነሣሁና የተንጠለጠለውን ክር አሳይቼ፣ «ስፌቱ ነው፤ ክሩ ፒኑን ይዞታል» አልሁ።

አንቺ ተነሥተሽ በሰዎቹ መካከል አለፍሽና፣ በአስሊ ፊት ተንበርክከሽ እጇን ሳምሽ፤ በቋንቋዋ አክስቴ ብለሽ፣ «ኤዶ አስሊ፣ ይቅር በይኝ» አልሻት። እሷም ራስሽን ዳብሳ፣ «አላህ ይቅር ይበልሽ፣ የልጅ እጅ ይስታል» አለችሽ። ሽማግሌዎቹ ፋቲሓ ደገሙ፤ ነገሩ ተዘጋ። የግመል ወተት የገባበት ሻይ መጣ፤ እኔም ጠጣሁ። በዚያ ቀን ከሠራሁት ሁሉ፣ ያን ሻይ መጠጣቴ ለምን አብዝቶ እንደሚያሳፍረኝ አላውቅም።

ከዚያ በኋላ በሦስተኛው ሳምንት ወደ ሐዋሳ ሄድሽ። እዚያ በገባሽበት የልብስ ፋብሪካ የስፌት መኪና እንድትይዢ ሲለምኑሽ እንቢ ብለሽ፣ ሸሚዝ በማጠፍና በካርቶን በመክተት እንደምትውዪ ከፈጠነ እኅት ሰማሁ። በራስሽ እጅ አፍረሽ ነው ብዬ አሰብሁ። አሰብሁ ብቻ አይደለም፤ እግዚአብሔር ያሳይሽ፣ ተጽናናሁበት፤ አንቺ ካመንሽው ውሸቱ ውሸት መሆኑ የቀረ መስሎኝ ነበር።

ባለፈው ሐሙስ ክር ልገዛ ዋሄን ገበያ ሄድሁ። ከጨው መደብ ኋላ የምትቀመጠው ወፍራሟ ኡባህ ከሩቅ አይታ ጠራችኝ።
«አደር! ያቺ ልጅህ የት ገባች? ያን ሁሉ ጨው ምን አደረገችው?»
«የምን ጨው?»
«ሰባት ኪሎ። ስድስት ብሰጣት መልሳ መጣች፤ ሰባት ካልሆነ አይሆንም ብላ አደረቀችኝ። ሙሉ ግመል ቋንጣ ልታደርጊ ነው ወይ ብዬ ሳቅሁባት።»

በሁለት መቶ ሊትር ውኃ ሰባት ኪሎ ጨው የባሕር ልክ ነው። ይህን ልክ በዚህች ከተማ የማውቀው እኔና እኔ ያስተማርሁሽ አንቺ ብቻ ነን።

ክሩን ሳልገዛ ተመለስሁ። በርሜሉን ከኮምፕረሰሩ ቤት ጀርባ፣ በቆርቆሮ ተከድኖና ድንጋይ ተጭኖበት አገኘሁት። ውኃው በዘጠኝ ወር ሙቀት ተንኖ፣ ጨው በውስጡ ግድግዳ ላይ ነጭ ሆኖ ተጋግሯል። ከአፉ ላይ በሽቦ የተንጠለጠለ ቱቦ ነበረ፤ ቱቦው የእኔው አንቴና፣ ፒኑ የእኔው ፒን። ሳብሁት። ግድግዳው ላይ እግሬን ተክዬ ሳብሁት። ከጎኑ በቆርቆሮ መለያ ላይ በምስማር ጫፍ የጻፍሽው እነሆ ከዚህ ደብዳቤ ጋር በጥቅሉ ውስጥ አለ፤ አሁን ክፈቺው። ጽሕፈትሽን ታውቂዋለሽ፤ «ሚያዝያ 3 ገባ። ሚያዝያ 26 ተሳበ። አልወጣም።»

ሸንጎው ሚያዝያ ሃያ ስምንት ነበር።

ከበርሜሉ አጠገብ ተቀምጬ ቀኖቹን ደጋግሜ ብቆጥራቸውም ሌላ አልሆኑልኝም። እኔ ክርሽን አንሥቼ ሳሳይ፣ አንቺ ሁለት ቀን ቀድመሽ አውቀሽው ነበር። በሽማግሌዎቹ ፊት አንድ ቃል ብትናገሪ ኖሮ እኔ እወድቅ ነበርና፣ ያንን ቃል ውጠሽ ተንበረከክሽ። ለስምንት ወር በራስሽ አፍረሽ የሄድሽ መስሎኝ የኖርሁት ሰው፣ በእኔ አፍረሽ እንደ ሄድሽ ከአንድ የቆርቆሮ ቁራጭ ላይ አነበብሁ። የስፌት መኪና የማትነኪው ለምን እንደ ሆነ ከእንግዲህ አውቃለሁ ብዬ አልደፍርም።

ይህ ብቻ ቢሆን ኖሮ፣ የእኔን ፍርሃት ታውቂዋለሽና፣ ምናልባት አሁንም ዝም እል ነበር። ነገር ግን ፈርሐን በዚያው ሳምንት የአሥራ ሁለት ሰው ትእዛዝ ተቀብሎ ነበር፤ ያው ኪስ፣ ያው ፒን፣ ያው ቱቦ፤ ስፌቱን ብቻ ሌላ ሰው እንዲሰፋው ተስማምተን። አርብ ጠዋት ቱቦውንና መለያውን ጠረጴዛው ላይ አኖርሁለትና ሁሉንም ነገርሁት፤ ባሕሩን፣ ጆሮዬን፣ መዝገቡን፣ መሐረቡን። ያ ቀልድ የማይጠፋው ሰው ቱቦውን አንሥቶ ሳበው፤ አስቀመጠው።
«አሥራ ሁለት ሰው» አለ። «ወላሂ፣ አሥራ ሁለት ሳማታር።»
ቀጥሎም ወደ ስፌት መኪናሽ ተመለከተና፣ «እኔ ደግሞ አሾፍሁባት» አለ።
ትእዛዙን በዚያው ሰዓት ደውሎ መለሰው።

ትናንት እሑድ ወደ ጋአን ሊባህ ሄድሁ። ሳማታር በር ላይ ወንበር ላይ ተቀምጦ ነበር፤ ከአፉ ቃል ሲወጣ ይዘገያል እንጂ ጅግጅጋ የተማረው አማርኛው አልጠፋም። አስሊም በስደት ዘመኗ እዚያው የተማረችውን አማርኛ ከእኔ ጋር ብቻ ነው የምትናገረው። ቱቦውን ለሳማታር ሰጠሁት። ምን እንደ ሆነ ሳልነግረው፣ በደኅናው ቀኝ እጁ እጀታውን ይዞ፣ ሌላውን ጫፍ በጉልበቶቹ መካከል አጣብቆ ሳበው። ፊቱ ተለወጠ።
«ይኸው ነው» አለ። «እንዲህ ነበር ያለኝ። ክር እንደዚህ አይይዝም፤ ክር ይለጠጣል፤ ለእናቴ ነግሬአታለሁ።»
«ነግሮኛል» አለች አስሊ። «የደከመ ራስ ነው ብዬ ዝም አሰኘሁት። ያንተ ጢም ነጭ ነው ብዬ።»

ያን ጊዜ ተናገርሁ፤ ቆሜ ጀምሬ በመካከሉ ተቀመጥሁ። አስሊ አልጮኸችም፤ ብትጮኽ በቀለለኝ። እስክጨርስ ጠበቀችና እንዲህ አለች፦
«ያቺ ልጅ እጄን ስማለች። በሰው ሁሉ ፊት። እኔም ይቅር ብያታለሁ፤ ያልበደለችኝን። አሁን ያንን መሳም ወዴት ልውሰደው?»
ቱቦውንም ከሳማታር እጅ ተቀብላ አየችው።
«ለእኔ የነገርኸኝ አይቆጠርም» አለችኝ። «በግራሩ ሥር የተባለው በግራሩ ሥር ይባላል። ያው ሰው፣ ያው ምንጣፍ። ለእሷም ጻፍ፤ ቀን ትንገረኝ፤ ሐዋሳ ድረስም ቢሆን እኔ እሄዳለሁ፤ እጇን የምስመው እኔ ነኝ በላት።»
ስወጣ ሳማታር ጠራኝ። «አደር» አለኝ፤ «ባሕሩን ፈርተህ ኖሯል። እኔም አሁን እፈራዋለሁ።» የተናገረው ስድብ ይሁን ማጽናኛ እስካሁን አልለየሁትም፤ የምመርጠውም ስድብ ቢሆን ነው።

ሸንጎው ሐሙስ ከዐሥር በኋላ ተጠርቷል። ይህ ወረቀት ሲደርስሽ ነገሩ ተፈጽሞ ይሆናል። በዚያ ቀን ስለ ሬጉሌተሩ አልናገርም። የመሐረቡን ነገር አልዘልም። የመዝገቡን ቅጠል ይዤ ሄጄ በራሴ አፍ አነብባለሁ፤ የእርሳስ ሥራንም ከእንግዲህ እንዳልሠራ፣ የሚሠራውም ሰው እኔን ሳይሆን በርሜሉን እንዲጠይቅ እነግራቸዋለሁ። ፈርሐን በአልሙኒየሙ ፈንታ የፕላስቲክ ቱቦ አስገብቶ በርሜልሽን እንደ ገና ሞልቶታል፤ ሰባት ኪሎ፣ ከኡባህ። ሠላሳው ቀን ሲሞላ በርበራ የሚወስደው ራሱ ነው፤ ለብሶ የሚወርደውም ራሱ ነው፤ እኔ ከዳር ቆሜ እንደማይ፣ ለምን ከዳር እንደምቆምም ለጠላቂዎቹ አስቀድሜ እንደምነግራቸው ተስማምተናል።

ነዪ አልልሽም፤ ይቅር በዪኝም አልልሽም፤ ይህን ቃል ከአንቺ አፍ አንድ ጊዜ ሰርቄ ለራሴ ጥቅም አውጥቼዋለሁና ሁለተኛ አልጠይቅም። የስፌት መኪናሽን በየቅዳሜው ዘይት እቀባዋለሁ፤ የዚህ አገር አቧራ ብረት ስለሚበላ ነው እንጂ ሌላ ምክንያት የለውም። መስኮቱ አጠገብ ያለው ወንበርሽም ከቦታው አልተነሣም፤ የሚያነሣው ሰው ስለ ታጣ ነው።

ያንን ሁሉ ስፌት የሰፉ፣ ያንን አንድ እጅ ለመሳም የተዘረጉ እጆችሽን እግዚአብሔር ይጠብቃቸው፤ በገባሽበት ሁሉ ቃልሽን የሚያምን ሰው ያዘጋጅልሽ፤ በእኔ የጎደለብሽን አባትነት እሱ ከሌላ ቦታ ይሙላልሽ። ሳልሽን ችላ እንዳትዪው፤ ማታ ማታ ሞቅ ያለ ነገር ጠጪ።

የማይገባው አባትሽ
ክፍሌ

ከፊርማዬ በኋላ የጨመርሁት፦ ባሕር በበርሜል አይሠራም ብዬሽ ነበር። ይሠራል።